ሁለት ቀን ያልሞላው አድማ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞች ጉልበት ከየት ይመጣል?

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ኖቬምበር 7 ቀን 2015። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ30 በላይ ጥቁር ወጣቶች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የተነሱት ፎቶ ትዊተር ላይ ወጣ። አብሯቸው የቆመው ጆናታን በትለር የሚባል የድኅረ ምረቃ ተማሪ፣ እህል ከቀመሰ ስድስተኛ ቀኑን ይዟል። የቀሩት የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ተጫዋቾች ናቸው፤ ፉትቦል ስል ኳሷን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን፣ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበትን የአሜሪካኖቹን ጨዋታ ማለቴ ነው። ከፎቶው ጋር የወጣው መልእክት አጭር ነበር፦ የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ፕሬዚዳንት ቲም ዎልፍ ካልለቀቁ ወይም ካልተነሱ፣ ፉትቦልን በሚመለከት በማንኛውም ነገር አንሳተፍም።

ሰኞ ጠዋት ዎልፍ ለቀቁ። ኮሎምቢያ በምትባለው የሚዙሪ ከተማ ያለውን ግቢ የሚመሩት ቻንስለር ቦወን ሎፍቲንም በዚያው ዕለት ከቦታቸው እንደሚነሱ ተነገረ።

ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ከዚያ በፊት የነበሩትን ሳምንታት ማየት ያስፈልጋል። ጥቁር ተማሪዎች በግቢው ውስጥ የሚደርስባቸውን የዘር ስድብና ትንኮሳ አስተዳደሩ ችላ ብሎታል ብለው ከመኸሩ መጀመሪያ አንሥቶ ይጮሁ ነበር። ኦክቶበር 10 በዓመታዊው የዩኒቨርሲቲው በዓል ሰልፍ ላይ የፕሬዚዳንቱን መኪና ከፊት ቆመው አገዱ። ግቢው ሣር ላይ ድንኳን ተከሉ። የቡድናቸው ስም ላይ «1950» የሚል ቁጥር አስገቡ፤ ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያውን ጥቁር ተማሪ የተቀበለበት ዓመት ነው። በትለር ኖቬምበር 2 ቀን የረሃብ አድማ ጀመረ። ይህ ሁሉ ሆኖ ፕሬዚዳንቱ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ተጫዋቾቹ ገቡበት፤ ሁለት ቀን እንኳ አልሞላም።

ተጫዋቾቹ ሌላው ተማሪ ያልነበረው ምን ነበራቸው? ብዙ ሰው «ገንዘብ ስለሚያመጡ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ገንዘብ ያመጣሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ግን ይህ ጉልበት የላቸውም። ሌላው ግማሽ ያለው የቀን መቁጠሪያው ላይ ነው።

ቀን የሚሰጠው ጉልበት

ሚዙሪ በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 14፣ ካንሳስ ሲቲ በሚገኘው አሮውሄድ ስታዲየም ከብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሊጫወት ውል ነበረው። ውሉ ጨዋታውን የሚሰርዝ ወገን 1 ሚሊዮን ዶላር ይክፈል ይላል። ይህ እንግዲህ ለተጋጣሚው ብቻ የሚከፈለው ነው፤ የቲኬቱ፣ የቴሌቪዥኑ፣ የስሙ ኪሳራ አልተቆጠረም።

ሠራተኛ አድማ ሲመታ ፋብሪካው መጋዘን ውስጥ ካለው ዕቃ እየሸጠ ጥቂት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። መምህራን ቢያድሙ ያለፈው ትምህርት በክረምት ይካካሳል። የቅዳሜ ጨዋታ ግን መጋዘን የለውም። ያ ሰዓት ካለፈ አለፈ፤ ስታዲየሙ ባዶ፣ የቴሌቪዥኑ ሰዓት ባዶ። ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው።

ሁለተኛ ነገር አለ፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያስገርመኝም ይሄ ነው። ቀጣሪ በአድማተኛ ፈንታ ሌላ ሰው ከውጭ አምጥቶ ሊያሠራ ይሞክራል። የኮሌጅ ቡድን ይህን ማድረግ አይችልም። የኮሌጆቹን ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር፣ ኤንሲኤኤ፣ ማን መጫወት እንደሚችል በጥብቅ ደንብ ወስኗል፦ የተመዘገበ የሙሉ ጊዜ ተማሪ፣ የትምህርት ውጤቱ የተረጋገጠ፣ ብቁነቱ በወረቀት የጸደቀ መሆን አለበት። ሐሙስ ዕለት ከመንገድ ጎበዝ ለቅሞ ቅዳሜ ማሰለፍ የለም። ተጫዋቹን ለዓመታት አስሮ የያዘው ደንብ በዚያች ሳምንት አሠሪውን አሰረው።

ሦስተኛው አሰልጣኙ ነው። እሑድ ዕለት ጋሪ ፒንክል ጥቁሩም ነጩም ተጫዋች፣ ረዳት አሰልጣኞቹም ሳይቀሩ አብረው የቆሙበትን ፎቶ አውጥቶ ከተጫዋቾቼ ጋር ነኝ አለ። የዚያን ሰው ክብደት ለማወቅ ደመወዙን ማየት ይበቃል፦ ፒንክል በዓመት ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለው ነበር፤ አራት ግቢዎችን የሚያስተዳድሩት ፕሬዚዳንት ግን ግማሽ ሚሊዮን አይሞላላቸውም ነበር። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ከሕዝብ ካዝና ከሚከፈላቸው ሰዎች ሁሉ ከፍተኛው ተከፋይ ገዢው ወይም የሆስፒታል ኃላፊው ሳይሆን የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከልጆቹ ጎን ሲቆም የአስተዳደሩ ማስፈራሪያ ሁሉ ይከሽፋል፤ «ተጫዋቾቹን ቅጣ» ብለው የሚያዙት እሱን ነዋ።

ቡድኑ ያን ቅዳሜ ተጫውቶ 20 ለ 16 አሸነፈ። ፒንክል ከጨዋታው አንድ ቀን በፊት በካንሰር ሕመም ምክንያት በወቅቱ ማብቂያ ጡረታ እንደሚወጣ አስታውቆ ነበር። ቡድኑ በነገራችን ላይ ያን ዓመት ደካማ ነበር፤ አድማው ሲታወጅ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጥ ነበር። ጉልበቱ ከዋንጫ እንዳልመጣ ከዚህ ይታወቃል።

ዋጋውም ይነገር። በቀጣዩ ወር አንድ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ከጤና በቀር በሌላ ምክንያት አልጫወትም የሚል ስፖርተኛ ስኮላርሺፑን የሚነጠቅበት የሕግ ረቂቅ አቀረበ። በቀናት ውስጥ ራሱ ሳበው፤ መልእክቱ ግን ደርሷል። ዩኒቨርሲቲው በበኩሉ በሁለት ዓመት ውስጥ የአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ ቁጥር በ35 በመቶ ገደማ ወደቀበት። አንዳንዱ ቤተሰብ ልጄን ዘረኝነት ወዳለበት አልልክም ብሎ፣ አንዳንዱ ሁከት ወዳለበት አልልክም ብሎ ቀረ።

የቀሩት ሃምሳ ሳምንታት

ያ ሳምንት ሲያልፍ ተጫዋቹ ምን ይቀረዋል? ይህን ለመመለስ ወደ 1955 መመለስ ግድ ነው።

በዚያ ዓመት ኮሎራዶ ውስጥ ለፎርት ሉዊስ ኮሌጅ ይጫወት የነበረ ሬይ ዴኒሰን የሚባል ወጣት ሜዳ ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞተ። ሚስቱ በሥራ ላይ ለሞተ ሠራተኛ የሚከፈለው ካሳ ይገባኛል ብላ ጠየቀች። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 አይገባሽም አላት፤ ኮሌጁ የፉትቦል ንግድ ውስጥ አይደለም፣ ሟቹም ሠራተኛ አልነበረም በሚል። በእነዚያ ዓመታት የኤንሲኤኤ መሪ ዋልተር ባየርስና ባልደረቦቹ «ተማሪ-ስፖርተኛ» የሚለውን ቃል ፈጠሩና በደንብ፣ በውል፣ በጋዜጣዊ መግለጫ ሁሉ ላይ እንዲገባ አደረጉ። ዛሬ ለጆሮ የለመደ ተራ ቃል ነው። የተፈጠረው ግን «ሠራተኛ» የሚለውን ቃል ከበር ለመመለስ ነበር።

ሠራተኛ ካልሆንክ የሠራተኛ ማኅበር የለህም። ማኅበር ከሌለህ የኅብረት ድርድር የለም። ሕግ የሚጠብቀው የሥራ ማቆም አድማ የሚባል ነገርም የለህም፤ አልጫወትም ያለ ልጅ በሕግ ዓይን የስኮላርሺፕ ግዴታውን ያልተወጣ ተማሪ ነው።

ስኮላርሺፑ ራሱ ልጓም ነበር። ከ1973 ጀምሮ በደንቡ መሠረት በየዓመቱ የሚታደስ ሆነ። ይህ ማለት አሰልጣኙ በዓመቱ መጨረሻ «አልፈልግህም» ሊል ይችላል ማለት ነው። የብዙ ዓመት ስኮላርሺፕ የተፈቀደው በ2012 ሲሆን፣ ታላላቆቹ የሊግ ኅብረቶች በችሎታ ምክንያት ስኮላርሺፕ አንነጥቅም ብለው በደንብ የጻፉት በ2015 ነው። ልጁ በቤተሰቡ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው ሰው ከሆነ፣ እናቱ በስልክ «ትምህርትህን» እያለች የምትማጠን ከሆነ፣ አሰልጣኙ ፊት ቆሞ አልጫወትም ለማለት ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግትም።

ጊዜውም አጭር ነው። አንድ ተጫዋች የሚሰለፈው አራት የውድድር ዘመን ያህል ነው። የፋብሪካ ሠራተኛ ሃያ ዓመት ቆይቶ ማኅበሩን ያጠነክራል፤ እዚህ ግን በልምድ የበሰለው መሪ በየዓመቱ ይመረቃል፣ ትግሉም በየበልጉ ከሀ ይጀምራል።

ዋዮሚንግ፣ 1969

ይህ ድካም ምን ያህል እንደሚጎዳ ከዋዮሚንግ የበለጠ የሚያሳይ የለም። ኦክቶበር 17 ቀን 1969 የዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ቡድን አራት ተጫውቶ አራቱንም አሸንፎ ነበር። በማግሥቱ የሚገጥመው ያንኑ ብሪገም ያንግን ነው። የዩኒቨርሲቲው ባለቤት የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በዚያን ጊዜ ጥቁር ወንዶችን ለክህነት አትቀበልም ነበር። የቡድኑ 14 ጥቁር ተጫዋቾች በሲቪል ልብሳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ወደ አሰልጣኝ ሎይድ ኢተን ሄዱ። ልብ በሉ፦ አንጫወትም አላሉም። ጨርቁን አድርገን መጫወት እንችል እንደሆን እንጠይቅ ብለው ነው የሄዱት።

ኢተን ወደ ጂምናዚየሙ ወስዶ የተመልካች መቀመጫ ላይ አስቀመጣቸው። ሳይሰማቸው፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ አሥራ አራቱንም አባረረ። ቡድኑ በማግሥቱ 40 ለ 7 አሸነፈ፤ ሕዝቡም ለአሰልጣኙ አጨበጨበ። ልጆቹ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ተረቱ።

ሜዳው ግን ፍርዱን ቀስ ብሎ ሰጠ። ቡድኑ የዚያን ዓመት የመጨረሻ አራት ጨዋታዎች ተሸነፈ፤ በ1970 ከአሥር ጨዋታ አንድ ብቻ አሸነፈ። ኢተን ከዚያ በኋላ ዋዮሚንግን አላሰለጠነም። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቀው በ2019 ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቆይቶ።

የዋዮሚንግንና የሚዙሪን ልጆች ድፍረት ማበላለጥ አይቻልም። ልዩነቱ የቆሙበት መሬት ነው። የዋዮሚንጎቹ ጥቂት ስለነበሩ ያለ እነሱም ቡድን ማሰለፍ ይቻል ነበር፤ የሚዙሪዎቹ ከቡድኑ ቢወጡ ቡድን የሚባል አይቀርም። የአንዱ አሰልጣኝ አባረረ፣ የሌላው አብሮ ፎቶ ተነሣ። በ2015 ደግሞ አንድ ፎቶ ሌሊቱን አገር አዳረሰ።

ከዋዮሚንግ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌላ ነገር ሆኖ ነበር፤ ይህኛው እኛንም ይነካናል። በ1967 የሳን ሆዜ ስቴት መምህር ሃሪ ኤድዋርድስ፣ እሳቸውም የቀድሞ ስፖርተኛ፣ ጥቁር ተማሪዎች በመኖሪያ ቤትና በግቢ ሕይወት የሚደርስባቸውን መድልዎ በመቃወም የወቅቱ የመጀመሪያ የፉትቦል ጨዋታ እንዳይካሄድ እንቅስቃሴ መሩ። የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ግጭት ይነሣል ብለው ጨዋታውን ሰረዙት። ኤድዋርድስ ከዚያ ትምህርት ወስደው ዓይናቸውን ወደ ትልቁ ሜዳ፣ ወደ 1968ቱ የሜክሲኮ ኦሎምፒክ አነሡ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካ እንዳትሳተፍ ነበር። በዚያው ሰሞን ኢትዮጵያን ጨምሮ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ደቡብ አፍሪካ ካለች እኛ የለንም አሉ። የኦሎምፒክ ኮሚቴው መጀመሪያ ለደቡብ አፍሪካ የፈቀደውን ግብዣ በኤፕሪል 1968 መለሰ። ማሞ ወልዴ የማራቶኑን ወርቅ ያመጣበት ሜክሲኮ እንግዲህ ይህ ማስፈራሪያ ከሠራ በኋላ የተካሄደ ኦሎምፒክ ነው። በሽልማት ሰገነት ላይ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ጡጫቸውን ያነሡት ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስም የዚያው የሳን ሆዜ ስቴት ልጆች ነበሩ።

ሲከሽፍ

ቀኑ ቢመች እንኳ ጉዳዩ ካልጸና አድማው አይጸናም። በዲሴምበር 2016 የሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች በሙሉ ልምምድ አቆሙ። ምክንያታቸው ከወሲባዊ ጥቃት ክስ ጋር በተያያዘ አሥር ጓደኞቻቸው መታገዳቸው ነው። ከፊታቸው ትልቅ የበዓል ሰሞን ጨዋታ ነበር፤ አሰልጣኙም ደግፏቸው ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ከሚዙሪ ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው ያካሄደው የምርመራ ዝርዝር ይፋ ሲወጣና ሲነበብ፣ አቤቱታ ያቀረበችው ልጅ የተናገረችው ሲታወቅ፣ ከተጫዋቾቹ ጎን የሚቆም ሰው ጠፋ። በሁለት ቀን ገደማ ተመለሱ። አሰልጣኙ ትሬሲ ክሌይስ በጃንዋሪ ተባረረ። እዚህ ላይ አስተዳደሩ መጽናቱ ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ጉልበት ያለው ሁሉ እውነት አለው ማለት አይደለም።

የግራምብሊንግ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ሳስበው የሚያሳዝነኝም እሱ ነው። ሉዊዚያና የሚገኘው ይህ ታሪካዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በፉትቦል ስሙ የገነነ ነው። በኦክቶበር 2013 ተጫዋቾቹ ወደ ጃክሰን ሚሲሲፒ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ላይ አንወጣም አሉ። የልብስ መቀየሪያው ሻጋታ፣ የክብደት ማንሻው ክፍል ወለል የተቀዳደደ፣ ሩቅ አገር ለመጫወት በአውቶቡስ ሌሊቱን የሚነዱበት ጉዞ፣ የሚወዱት አሰልጣኝ መባረር፣ ሁሉም ተጠራቅሞ ነበር። ጨዋታው ቀረ። ተጋጣሚው ጃክሰን ስቴት የዓመቱ ትልቅ በዓሉ ስለነበር ለኪሳራው እንደሚከስ አስታወቀ። ግራምብሊንግ ግን በግዛቲቱ የበጀት ቅነሳ የደቀቀ ተቋም ነበር። ባዶ ኪስ ካለው ጋር የምትደራደረው ምንድን ነው? ልጆቹ ሰኞ ወደ ልምምድ ተመለሱ።

በ2020 አጋማሽ ከጆርጅ ፍሎይድ ግድያ በኋላ ሁለት ግዛቶች ላይ የሆነውን ጎን ለጎን ማየት ጥሩ ነው። የሚሲሲፒ ስቴት ሯጭ ተጫዋች ካይሊን ሂል ጁን 22 ቀን ባንዲራው ካልተቀየረ ይህን ግዛት አልወክልም ሲል ጻፈ። ባንዲራው ከ1894 ጀምሮ ለባርነት የተዋጋውን ወገን አርማ የያዘ ነበር። በስምንተኛው ቀን ገዢው ባንዲራውን የሚያወርደውን ሕግ ፈረሙ። ብቻውን አላደረገውም፤ የሊጉ ኅብረትና ኤንሲኤኤ ባንዲራው እያለ ሻምፒዮና አናካሂድም ብለው ነበር፣ ነጋዴዎችና አብያተ ክርስቲያናትም ገፍተው ነበር። የእሱ ቃል ግን ገርበብ ብሎ የነበረውን በር ከፈተው።

ቴክሳስ ላይ ደግሞ ተጫዋቾቹ የዩኒቨርሲቲው መዝሙር የዘረኝነት ታሪክ አለውና ይቀየር አሉ። ሕንፃ ይሰየምልን፣ ለመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሐውልት ይቁምልን ሲሉ ተፈቀደላቸው። መዝሙሩ ግን ሳይቀየር ቀረ። ለምን? ተጫዋቾቹ ልምምዱንም ጨዋታውንም አናቋርጥም፣ ለለጋሾች ዝግጅትና ለአዲስ ተጫዋች ምልመላ ብቻ አንወጣም ነበር ያሉት። ያ ማስፈራሪያ ቅዳሜን አልነካም። መዝሙሩን የሚወዱት ለጋሾች ደግሞ ከፍለው ቅዳሜ የሚመጡት ናቸው።

በዚያው ዓመት በኦገስት የምዕራቡ የፓክ-12 ሊግ ተጫዋቾች ከኮቪድ ጥበቃ እስከ ገቢ ክፍፍል የሚደርስ ዝርዝር ጥያቄ አውጥተው ካልተመለሰልን አንሰለፍም አሉ። ከቡድን ቡድን የተሻገረ ስለነበር ትልቅ ነገር ነበር። ዘጠኝ ቀን ቆይቶ ሊጉ በወረርሽኙ ምክንያት ወቅቱን አራዘመ። ጨዋታው ሲራዘም የአድማው ቀነ ቀጠሮም አብሮ ተነነ። ቅዳሜ ከሌለ ቅዳሜን ማስቀረት የሚባል ነገር የለም።

ሳጥኑ

የአንድ ሳምንትን ጉልበት ወደ ሁልጊዜ ጉልበት የሚለውጠው መንገድ በሌላው ሙያ ሁሉ የታወቀ ነው፦ ማኅበር መሥርቶ፣ ተደራድሮ፣ የኅብረት ስምምነት መፈረም። ይህን በግልጽ የሞከረው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። በጃንዋሪ 2014 ኳርተርባኩ፣ ማለትም ኳሱን የሚያከፋፍለው የማጥቃት መሪ፣ ኬይን ኮልተር እየመራ ለብሔራዊ የሥራ ግንኙነት ቦርድ አመለከቱ። ኖርዝዌስተርን የግል ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ነው ይህ የተቻለው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ቦርድ ሥልጣን ውጭ ናቸው፣ እዚያ የሚገዛው የየግዛቱ ሕግ ነው፣ አንዳንዱ ግዛት ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኛ የኅብረት ድርድርን ጨርሶ ይከለክላል።

ማርች 26 የቺካጎው የቦርዱ ዳይሬክተር ተጫዋቾቹ ሠራተኞች ናቸው ብሎ ወሰነ። በውድድር ወቅት በሳምንት ከ40 እስከ 50 ሰዓት ለፉትቦል እንደሚያውሉ፣ አሰልጣኙ ከሚበሉት እስከ ማኅበራዊ ገጻቸው ድረስ እንደሚቆጣጠራቸው ዘረዘረ። ኤፕሪል 25 ልጆቹ ተሰልፈው ማኅበር ይኑረን ወይስ አይኑረን የሚል ድምፅ ሰጡ። ዩኒቨርሲቲው ይግባኝ ስላለ ሳጥኑ ታሸገ። ከአንድ ዓመት ከአራት ወር ገደማ በኋላ፣ ኦገስት 17 ቀን 2015፣ የዋሽንግተኑ ቦርድ ሠራተኞች ናቸውም አይደሉምም ሳይል ጉዳዩን አላይም አለ። የምርጫ ወረቀቶቹ ሳይቆጠሩ ቀሩ። ያን ቀን አዎ ይበሉ አይደለም ይበሉ የሚያውቅ የለም።

ገንዘቡ መጣ፣ ጠረጴዛው አልመጣም

ከዚያ ወዲህ ለውጡ የመጣው በፍርድ ቤት ነው። በጁን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ለዜሮ በሆነ ድምፅ ኤንሲኤኤ ከትምህርት ጋር የተያያዙ ጥቅሞችን መገደብ አይችልም አለ። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ጁን 6 ቀን 2025 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ያጸደቁት ስምምነት ደግሞ ለቀድሞ ተጫዋቾች በአሥር ዓመት 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፈልና፣ ዩኒቨርሲቲዎች በመጀመሪያው ዓመት እያንዳንዳቸው እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ ለተጫዋቾቻቸው እንዲያካፍሉ ፈቀደ።

ትልቅ ድል ነው፤ አላሳንሰውም። ነገር ግን «እስከ» የምትለዋን ቃል ተመልከቷት። ጣሪያ ናት። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ትልልቅ የሙያ ሊጎችም የደመወዝ ጣሪያ አለ፤ እዚያ ግን ጣሪያውን የተጫዋቾች ማኅበር ተደራድሮ፣ በምትኩ ሌላ ነገር ተቀብሎ ፈርሞበታል። የኮሌጆቹ ጣሪያ የተሠራው በጠበቆች ክርክር ነው፤ ከተጫዋቾች የተመረጠ ተደራዳሪ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ሌላው ወገን ያለው ገንዘብ ደግሞ የታወቀ ነው፦ የቢግ ቴን ሊግ በ2022 የፈረመው የሰባት ዓመት የቴሌቪዥን ውል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ማኅበሩ በሌለበት አድማው ወደ ግለሰብ ወረደ። ዛሬ ያልተመቸው ተጫዋች ጓደኞቹን አይሰበስብም፤ ስሙን የዝውውር መዝገብ ውስጥ ያስገባል። በሴፕቴምበር 2024 ሦስት ተጫውቶ ሦስቱንም ያሸነፈው የላስ ቬጋሱ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ ማቲው ስሉካ ቃል የተገባልኝ ገንዘብ አልተከፈለኝም ብሎ በወቅቱ መሐል አቆመ። ቡድኑ ተተኪውን አሰልፎ ማሸነፉን ቀጠለ። በኤፕሪል 2025 የቴነሲው ኒኮ ኢያማሌያቫ ክፍያ ላይ ንግግር እየተደረገ ልምምድ ቀረ፤ ዩኒቨርሲቲው እዚያው አሰናበተው፣ እሱም ሎስ አንጀለስ ወዳለው ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አንድ ኮከብ ሲሄድ ሌላ ይተካል። ሰባ ልጅ በአንድ ቅዳሜ ሲቀመጥ የሚተካው የለም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ብዙ የማይነገርላቸው አሉ። ከምሥራቅ አፍሪካ በተማሪ ቪዛ መጥተው በየኮሌጁ የሚሮጡ ልጆች አሉ፤ በየዓመቱም ይመጣሉ። የተማሪ ቪዛው ሥራ የመሥራት ፈቃዱን ስለሚገድብ ለአሜሪካዊው ጓደኛቸው የተከፈተው የማስታወቂያ ገንዘብ ለእነሱ በአብዛኛው ዝግ ነው። ስኮላርሺፑ ቢቋረጥ ደግሞ የሚያጡት ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ክፍያ አጥተው ምዝገባቸው ከተቋረጠ በአገሩ የመቆየት መብታቸውም አብሮ ያልቃል። አድማ ይመታ ሲባል እንዲህ ያለው ልጅ ዝም ቢል አይፈረድበትም። ልጆቻቸውን ለስፖርት ስኮላርሺፕ የሚልኩ ወገኖቻችን ውሉ ስንት ዓመት እንደሆነ፣ በጉዳት ጊዜ ምን እንደሚል፣ የሕክምናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን ከመፈረማቸው በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ማኅበር የመመሥረቱ ጥያቄ አልሞተም። በማርች 2024 የዳርትመዝ ኮሌጅ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን፣ ሌሎች የዚያው ግቢ ሠራተኞች ከታቀፉበት የአገልግሎት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ለመደራጀት ድምፅ ሰጠ። ዳርትመዝ የስፖርት ስኮላርሺፕ እንኳ የማይሰጥ፣ በቅርጫት ኳስ የማይታወቅ ኮሌጅ ነው። ይህ ሳጥን ግን ተከፈተ፤ 13 ለ 2። ኮሌጁ አልደራደርም አለ። በዓመቱ መጨረሻ ዋሽንግተን ላይ የመንግሥት ለውጥ ሊመጣ ሲል፣ አዲስ የሚሾመው ቦርድ ጉዳዩን ይዞ ለሁሉም የሚተርፍ ክፉ ውሳኔ እንዳይሰጥበት፣ ዲሴምበር 31 ቀን ማመልከቻው ተነሣ። ልጆቹ ድል ሳያገኙ ወጡ፤ ከኖርዝዌስተርኑ ሳጥን የሚለየው ግን፣ ምን ብለው እንደመረጡ ተቆጥሮ መዝገብ ላይ መቀመጡ ነው።